አደይ የተጻፈችበት ቀን

አደይ የሞተችው ግንቦት 5 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ከቡሬ በላይ ካለው መንደሯ ወደ ጤና ጣቢያው በሚወስደው ቁልቁለት፣ ቃሬዛ ላይ እንዳለች ነው። ስምንት ሰው ተሸክሟት ነበር። ደሟ አልቆም አለ፤ ልጇም አልተረፈ። ምን ይባላል፤ ገና የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ነበረች።

እንዳለው የሚባለው ባሏ ጠመንጃውን ወልውሎ «የአምቡላንሱን ሾፌር ሳልገድል እህል አልቀምስም» አለ። ሾፌሩ ገነነ ለነፍሱ ሲባል ፖሊስ ጣቢያ ተቀመጠ። ኢንስፔክተር ዘርትሁንን ከፍኖተ ሰላም ያስጠራው ግን የሟች ታናሽ ወንድም ወንዳወቅ ነው፤ የጤና ጣቢያው የመረጃ ሠራተኛ።

«እኅቴን የገደላትን አውጡልኝ ጌታዬ» አለ፣ ዓይኑ በእንባ አብጦ። «መውለጃዋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አምቡላንስ ወደ እናቶች ማቆያ ሊያመጣት ነበር። እኔም ዘመዱን አስቀደመ እንዳልባል ተራዋን ጠበቅሁ።»

ዘርትሁን የሚያለቅስን ሰው አያቋርጥም። የወንዳወቅ ለቅሶ ሲበርድ ወደ ገነነ ሄደ።

«ለምን አላመጣሃትም?»

«ጌታዬ፣ እኔ በተሰጠኝ ዝርዝር ነው የምሄድ። እሷ የለችበትም። ይልቅ ሚያዝያ ሃያ አንድ ቀን ማሚቱ የምትባል ሴት አምጣ ተብዬ ያን ሁሉ አቀበት ወጣሁ። ብደርስ ሦስት ወር ያለፈው ልጇን ታጠባለች። መንደሩ ሳቀብኝ።»

ዘርትሁን አልሳቀም። «መቼ ነው የወለደች?»

«ጥር ላይ አሉኝ።»

ነፍሰ ጡሮችን ቤት ለቤት የምትመዘግበው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አይናለም ናት። መዝገቧን ዘረጋችለት። አደይ፣ 5/9/2006። ጥቂት ገጽ ቀደም ብሎ ማሚቱ፣ 9/5/2006።

«ቀኑን ታስቀድሚያለሽ?»

«ሁላችንም እንዲያ ነው ጌታዬ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ጥፋት ካለብኝ ይንገሩኝ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።»

ከዚያ ከኮምፒውተር የታተመውን ዝርዝር አየ። ከግንቦት አንድ እስከ አሥራ ሁለት የሚወልዱ ሦስት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ከአሥራ ሦስት ጀምሮ ግን በየቀኑ አሉ። እንዴት ነው ነገሩ፣ የዚህ አገር ሴት ወር ካልተጋመሰ አትወልድም? መዝገቡንና ዝርዝሩን ጎን ለጎን ዘርግቶ ቀኖቹን አስተያየ።

በሠልስቱ ሁሉንም ለቅሶው ድንኳን ሰበሰባቸው። እንዳለው ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል።

«ጠመንጃህን ለአባትህ ስጥልኝና ስማኝ» አለው ዘርትሁን። እያመነታ ሰጠ።

«ገነነ አልበደለም፤ የተጻፈችለትን ሄዶ ፈልጓል። አይናለምም ልክ ጽፋለች፤ አደይ ግንቦት አምስት፣ ማሚቱ ጥር ዘጠኝ። በታተመው ዝርዝር ግን ማሚቱ ግንቦት አምስት ሆነች፣ አደይ ጥር ዘጠኝ። ጥር አልፏልና አደይ ወልዳለች ተብላ ወጣች።»

«እሷ እኮ ወገቧን ሲያማት እንኳ ‹ስሜ ተጽፏል፣ ይመጣሉ› ትለኝ ነበር» አለ እንዳለው። «ማን ለወጠው?»

«ቀኑ ከየቀበሌው በየዓይነቱ እየተጻፈ ስለሚመጣ አንድ ዓይነት ይደረግ ተባለ። ኮምፒውተሩ ደግሞ ፊት ያገኘውን ቁጥር ወር ያደርጋል። አምስትን ወር፣ ዘጠኝን ቀን አደረገ። የፈረንጅ ነውና ጳጉሜን አያውቅም፤ ከአሥራ ሁለት የበለጠውን ወር ማድረግ ስለማይችል ይተወዋል። የተወውን ቀን ሰው አይቶ በእጁ አስተካከለ፤ የተለዋወጠውን ማንም አላየም። ለዚህ ነው ከአሥራ ሦስት ወዲህ ያሉት ብቻ የተጠሩት።»

ወንዳወቅ ከሁሉ ቀድሞ ገባው። መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ» አለ። «መጋቢት ላይ። ዘጠኝ መቶ ሴት ነበር። የቀኑን ዓምድ በሙሉ መርጬ ባንዴ ለወጥሁት። ስማቸውን አላነበብሁም። እንዲያውም ጎበዝ ተባልሁ።»

እንዳለው ብድግ ሲል ሰዎች ያዙት። «ልቀቁኝ» አለ፣ ድምፁ ደክሞ። «በጀርባዋ ያሳደገችውን ልጅ ምን አደርገዋለሁ?»

ዘርትሁን የአይናለምን መዝገብ ከፈተ። «ዛሬ ግንቦት ሰባት ነው። እስከ አሥራ ሁለት ያልተጠሩ ስድስት ሴቶች አሉ።»

ገነነ ተነሣ፤ እንዳለውን ግን አየት አደረገ።

«ሂድ» አለው እንዳለው። «ፍጠን።»

ዘርትሁን የስድስቱን ስም ለገነነ እንዲያነብለት መዝገቡን ለወንዳወቅ ሰጠው። ልጁን እንባው ገጹን አላሳየው አለ። ያን ጊዜ ፊቷን በነጠላ ሸፍና ጥግ የተቀመጠችው እናቱ ቀና አለች።

«አንብብ ልጄ» አለችው። «እነሱም እናት አላቸው።»