ዱንካን የሚባለው መንትያ

ካሉም ጌዲስ በአሥራ አንድ ዓመቱ የሠራው ተንኮል በሠላሳ ዓመቱ መጥቶ ያዘው።

በዚያች የስኮትላንድ የወደብ ከተማ ትምህርት ቤቱ አልፎ አልፎ ተማሪዎቹን ሁሉ በአንድ ረጅም ፎቶ ያስነሳል። ካሜራው ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ ይዞራል። ካሉም ያኔ በግራ ጫፍ ተነሳና፣ ካሜራው ሲያልፈው ከሰልፉ ኋላ ሮጦ በቀኝ ጫፍ ደግሞ ተነሳ። ፎቶው ላይ ሁለት ካሉም አለ፤ ሁለቱም ይስቃሉ።

የትምህርት ቤቱን ቤተ መዛግብት በቅርቡ የተረከበችው ኢሽበል ግን ትንሽ ደሴት ላይ ያደገች ናት። የእሷ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ዘጠኝ ስለነበሩ የሚዞር ካሜራ አላስፈለጋቸውም፤ ስለዚህ ተንኮሉን አታውቀውም ነበር። ለመቶኛ ዓመቱ ዐውደ ርዕይ ስትዘጋጅ፣ እነዚህን መንትዮች የሚያውቅ ካለ ብላ በከተማው ጋዜጣ ማስታወቂያ አወጣች።

ካሉም ዳቦ ቤቱን ቀደም ብሎ ዘግቶ እውነቱን ሊነግራት ሄደ። በሩን የከፈተችለት ኢሽበል፣ አፍንጫዋን አቧራ የነካት፣ ጆሮዋ ላይ እርሳስ የሰካች ልጅ ናት። ገና ስታየው ፊቷ በራ። ያንን ፊት ማጨለም አልሆነለትም።

«ከመንትዮቹ አንዱ ነህ። ሌላውስ?»

«ዱንካን ነው» አለ፣ አፉ ቀድሞት። «ካናዳ ነው ያለው።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የካሉም ውሸት ግን እያደር ከበደ። ኢሽበል በየሐሙሱ እየጠራች የዱንካንን የሕይወት ታሪክ ቅጽ ታስሞላዋለች፤ መዛግብቱ እንዳይበላሹ እዚያ ክፍል ቀለም ማስገባት ስለማይፈቀድ በእርሳስ ነው። ዱንካን የመርከብ ወጥ ቤት ሆነ፣ እግሩን ተሰበረ፣ ዳነ። ውሎ አድሮ ደግሞ ዱንካን፣ ካሉም የማይደፍረውን መናገር ጀመረ። አንድ ሐሙስ ካሉም ጫማውን እያየ፣ ዱንካን ድምፅሽ ደስ ይላል ብሏል አላት።

«ካናዳ ሆኖ ድምፄን በምን ሰማው?»

ካሉም በጣም ነፋሻማ አገር ነው ብሎ መለሰ። ኢሽበል ይህንንም ጻፈችው።

ዐውደ ርዕዩ ሊከፈት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ለዱንካን የአውሮፕላን ትኬት ሊቆርጥ መሆኑን ነገረችው። ካሉም እርሳሱን አስቀመጠ። እውነቱን ካወቀች ዳግመኛ እንደማታየው እርግጠኛ ነበር፤ ሐሙስ የሌለበት ሳምንት ደግሞ ምን ያደርግለታል?

«ዱንካን የሚባል ሰው የለም» አላት። «የሮጥኩት እኔ ነኝ። የዋሸሁሽም እኔ ነኝ። ድምፅሽ ደስ የሚለኝም እኔ ነኝ።»

ኢሽበል ፎቶውን ዘረጋችና ጣቷን በግራው፣ ቀጥሎም በቀኙ ልጅ ጉልበት ላይ አኖረች። ሁለቱም ግራ ጉልበታቸው በነጭ ፋሻ ታስሯል።

«ባንድ ቀን ባንድ ጉልበታቸው የወደቁ መንትዮች አይቼ አላውቅም» አለች። «ካወቅኩት ስድስት ሐሙስ ሆኖኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ቅጹ ካለቀ ትመጣለህ?»

ካሉም ፎቶው ላይ ያሉት ልጆች እንደሚስቁት ሳቀ።

«ትኬቱስ?» አለ።

«መዋሸት የምትችል አንተ ብቻ መሰለህ?»

ቅዳሜ ዐውደ ርዕዩ ተከፈተ። ያ አሮጌ ካሜራ ወጥቶ፣ የቀድሞ ተማሪዎችና ሠራተኞች በሙሉ ሜዳው ላይ ተሰለፉ። ካሉምን ግራ ጫፍ አቆሙት፤ ኢሽበል ከሠራተኞቹ ጋር ቀኝ ጫፍ ናት። ካሜራው ካሉምን አልፎ ሲዞር፣ ያ ሰውዬ ከነዳቦ ጋጋሪ ሆዱ ከሰልፉ ኋላ ሲሮጥ ርዕሰ መምህሩ ሳይቀሩ አዩት። እያለከለከ ደረሰና የኢሽበልን እጅ ያዘ።

አዲሱ ፎቶ ዛሬ ቤተ መዛግብቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ኢሽበል ለመጀመሪያ ጊዜ የክፍሉን ሕግ ጥሳ በማይለቅ ቀለም ጽፋዋለች፤ «ከግራ የመጀመሪያው፣ ካሉም ጌዲስ፣ ብቻውን። ከቀኝ የመጀመሪያው፣ ካሉም ጌዲስ፣ ከእኔ ጋር።»