በያጁ የሠራው በር

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በዚያ ሰፈር እንደ በያጁ ሥራ የበዛለት ሰው አልነበረም። ያለውም የሌለውም የእንጨት በሩን አውጥቶ ብረት አስገጠመ። ተኩሱ ከቆመ ከርሟል፤ ሰዉ ግን ገና አላመነም። አንዱ ጫማውን እንዳደረገ ይተኛል፤ ሌላዋ ኮሽ ባለ ቁጥር አልጋ ሥር ትገባለች። ሰፈር ሙሉ ታመመ ቢባል ማን ያምናል?

የእሱ ቤት ደግሞ የባሰ ነበር። ለሥራ በወጣበት ቀን ታጣቂዎች በሩን ገንጥለው ገብተው፣ አንድያ ልጃቸውን ከእናቷ ጉያ ነጥቀው ወሰዱና ገደሏት። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ እህል አይወርድላት፣ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞር። የብረት በር ሲሠራላት ለጥቂት ቀን ተኛች። ደስ አለው፣ ምስኪን! ከዚያ ሌላ መቀርቀሪያ ጨምርልኝ አለችው፤ ጨመረ። ደግሞ ሌላ... የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ ብረት በጨመርክ ቁጥር ፍርሃቷ ይብሳል፣ ይልቅ ለሕክምና አምጣት ብላ መክራው ነበር። እሺ ይልና፣ ሚስቱ እየተንቀጠቀጠች ስትለምነው አንጀቱ አይችልም። የሚያውቀው መድኃኒት ብየዳ ብቻ ነበርና ምን ያድርግ?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ። በያጁ ነፍሱን ሳያውቅ ሮጦ ቤቱ ሲደርስ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ለመነ፣ በስሟ ጠራት፣ በሩ ሥር ተቀምጦ አደረ። በማግስቱም አልከፈተችም። ውሃ የሚቀዳው ከደጅ ነው፤ ድምጿ እየሰለለ ሄደ።

መቁረጫ ማሽኑን አመጣ። ግን እንዴት አድርጎ? በር ሲሰበር ያበደችን ሴት በር ሰብሮ ያድናታል? ብረቱ ሲጮኽ እሷም ከውስጥ ጮኸች። ጎረቤቶቹን እርዱኝ ብሎ ተጣራ። እነሱ ግን ያንን ድምፅ ሲሰሙ እየተሯሯጡ በየቤታቸው ገብተው ቀረቀሩ፤ ሁሉም እሱ የሠራቸው በሮች ነበሩ። ማንም አልወጣም።

እያለቀሰ ቆረጠ። ሲገባ ሚስቱ ጥግ ይዛ፣ ትራስ አቅፋ ተቀምጣለች። ሊያቅፋት ሲጠጋ እግሩ ላይ ወደቀች።

"ጌታዬ፣ እኔን ውሰደኝ" አለችው። "ልጄን ግን ተዋት። አባቷ እስኪመጣ እንኳ ተዋት።"

አባቷማ እኔ ነኝ እያለ መቁረጫውን ጥሎ ተንበረከከ፤ እሷ ግን ትራሷን ከጀርባዋ ደበቀች።

ነርሷ ደርሳ ውሃ አጠጣቻትና ነፍሷ ተረፈች። ዛሬም አለች። ከማንም እጅ ትበላለች፤ ከእሱ እጅ ግን አትቀበልም፤ ባየችው ቁጥር ትራሷን ትደብቃለች። እሱም ምግቧን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ዞር ይላል። አይ ዕድል! ሊያድናት የገባበት ቀን፣ ለእሷ ከልጇ ገዳዮች አንዱ የሆነበት ቀን ሆኖ ቀረ። አቤት የሚባለውስ ለማን ነው?