የማን እንደሆነ ያልተነገረኝ ቀሚስ

ያን ቀሚስ ከመጀመሪያው አልወደድኩትም። አክስቴ አንድ ጠዋት ነጩን ጨርቅ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ፣ «የሙሽራ ነው፤ እጅሽን ታጠቢና ጀምሪ» አለችኝ። ሙሽራዋ ማን እንደሆነች ብጠይቃት፣ «ምን አገባሽ? ዶቃሽን ስፊ!» ብላ አፌን አስያዘችኝ። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ከቃሏ ወጥቼ አላውቅም።

የኛ ሥራ አንድ ሕግ አለው። ዶቃ የተሰፋበት ጨርቅ ተሰብስቦ ይጠባል። ስለዚህ ቀሚሱ ከምትለብሰው ሴት ልክ አንድ ጣት ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል፤ ዶቃው ሲያልቅ ልኳ ይሆናል። እስከዚያ ግን እየለበሱ ማየት ያስፈልጋል። ሙሽራዋ ሩቅ አገር ናት ስለተባለ የምለብሰው እኔ ነበርኩ።

ለጀርባው ሃያ ሁለት የእንጨት ቁልፎች ታዘዙ። የሚጠርባቸው ከመንገዱ ማዶ ያለ ወጣት እንጨት ሠሪ ነው፤ እኔ ጨርቅ አልብሼ ዶቃ እሰፋባቸዋለሁ። ሁሉንም በአንድ ቀን መጨረስ ሲችል ሁለት ሁለት እያደረገ ያመጣ ነበር። አክስቴም «ሁለት ሁለት» የሚል ስም አወጣችለት።

«እንጨቱ አስቸገረህ እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን እየሳቅሁ።

«እንጨቱስ አላስቸገረኝም» አለና ዓይኑን ዓይኔ ላይ አሳረፈ።

የዚያን ዕለት አሥር ዶቃ ሰፍቼ ስምንቱን ፈታሁ። ወድጄው ነበር፣ ምን ልደብቅ።

ከወር በኋላ ቤቱ ይከብደኝ ጀመር። ጨርቅ የሚያመጣልን ነጋዴ፣ ሚስቱ የሞተችበት ዝምተኛ ሰው፣ መኪናውን በራችን ላይ ያቆማል። ጨርቅ አያወርድም፤ እሱም አይወርድም። አክስቴ ብቻዬን እንዳልወጣ ከለከለችኝ። አንድ ጠዋት ደግሞ ትልቁ መስታወት ከግድግዳው ጠፋ።

«ተሰንጥቆ ነው» አለችኝ።

ማታ ደህና ነበር።

መጨረሻ ላይ የቀረውን የወገቡን ዶቃ የጨረስኩ ዕለት አክስቴ ቀሚሱን አልብሳኝ ክር ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። እንጨት ሠሪው ልጅ ሁለት ቁልፎቹን ይዞ መጣና በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ምነው? አላማረብኝም?»

«አምሮብሻል። ያስፈራኝም እሱ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያ ይሰፋል ያልሽኝ አንድ ጣት የት ሄደ?»

ወገቤ ላይ ጣቴን ላስገባ ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። ትከሻዬም ላይ፣ ደረቴም ላይ አልገባም። ቀሚሱ የተቆረጠው በእኔ ልክ ነበር፤ መስታወቱም የተነሳው ይህን እንዳላይ ነው። ከወር በላይ አቀርቅሬ የሰፋሁት የራሴን ሠርግ ነበር።

አክስቴ ክሩን ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። አልካደችም።

«ነጋዴው ጨዋ ሰው ነው። ሠርጉ እሁድ ነው፤ ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ማን ጠየቀኝ?»

«ብጠይቅሽማ እምቢ ትያለሽ! እኔ ዛሬ አለሁ፣ ነገ የለሁም። አንቺን ለማን ጥዬ ልሙት? ለዚህ ለሁለት ሁለት?»

«እትዬ፣ እኔ እወዳታለሁ» አለ ልጁ። «ግን መልሱን እርስዎ አይስጡኝ። እሷን ይጠይቋት።»

ውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ነጋዴው ዛሬ ከመኪናው ወርዷል። የጫማው ኮቴ በደረጃው ላይ እየቀረበ ሲመጣ ወደ አክስቴ ዞርኩ።

«አክስቴ፣ የምወደው እሱን ነው። ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፤ ይሄን ግን አልለብስልሽም።»

ከመጋረጃው ጀርባ ገብቼ አወለቅኩትና አጣጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ነጋዴው ገባ። እኔን አላየም፤ ቀሚሱን ነው ያየው።

«አለቀ?»

«አላለቀም፣ ጌታዬ። አያልቅምም።»

«ከዚህ ደጃፍ ከወጣሽ አክስት የለሽም» አለች አክስቴ። እያለቀስኩ ወጣሁ።

ከልጁ ጋር ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆነን። ቤታችን ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ የአክስቴ መስኮት ይታየኛል። ሰላም ስላት መጋረጃዋን ትዘጋለች። አሁን ዓይኗ ደክሟል፤ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ስትታገል አያታለሁ። ባሌ «ሂጂ እንጂ» ይለኛል፤ እኔ እፈራለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። በሩን አልከፈተችልኝም። ቆይታ ግን በመስኮቱ እጇን አውጥታ መርፌና ክር ሰጠችኝ። ክሩን አስገብቼ መለስኩላት።

«ነገም ነይ» አለችኝ፣ ሳታየኝ።