ከመብላት በፊት የሚባል ቃል

ሆዋይ ሦስት ጥንድ መብያ እንጨቶችን በሶፍት ወልውላ በየሰዉ ፊት ካስቀመጠች በኋላ፣ አባቷ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል «አራት አድርጊው» አላት።

«ማን ሊመጣ ነው?»

«አንቺ ብቻ አድርጊው።»

አራተኛውን ወለወለች። ዕድሜዋ ዐሥራ አምስት ነው። ከአባቷ ጋር በአንድ ገበታ ከተቀመጠች ሦስት ወር አልፏል። እርሷንና ታናሽ ወንድሟን ዳትን እሑድ ምሳ እንደሚጋብዛቸው መልእክት ሲልክ፣ የትምህርት ቤት ሸሚዟን አጥባ ተኩሳ ለብሳ ነበር የመጣችው። ሐሙስ የወላጆቿ ፍቺ በፍርድ ቤት ይታያል። ምናልባት «ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ?» ብሎ ሊጠይቃት ይሆናል ብላ ስታሰላስል ሰንብታለች። መልሷ እምቢ ነበር። ቢሆንም መጠየቁን ፈልጋው ነበር።

ከናም ዲን ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለችው ይህች ፎ የሚባለው ባለመረቅ የሩዝ ፓስታ የሚሸጥባት ቤት፣ ወዛደሩም ተማሪውም በዝቅተኛ የፕላስቲክ ዱካ ላይ ክርን ለክርን ተጋፍቶ የሚበላባት ናት። ምግቧ ርካሽ ነው፤ የባለቤቲቱ ምላስ ግን ርካሽ አይደለም። ጭልፋቸውን እንደያዙ በመካከል እየተመላለሱ፣ በልቶ የማይነሣውን ሁሉ ይሸነቁጡታል።

ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት የሞተር ብስክሌት ቆቧን በእጇ ይዛ መጣችና በአራተኛው ዱካ ላይ ተቀመጠች። አባቷ «ዲዩ ናት» አለ እንጂ ሌላ አልጨመረም። መጨመርም አላስፈለገውም። ሆዋይ ያን ስም እናቷ ስታለቅስ በግድግዳው በኩል ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች።

ጎድጓዳ ሳህኖቹ እንፋሎታቸውን እየተፉ ቀረቡ። ልጆች ታላላቆችን በየተራ «ይብሉ» ሳይሉ እንጨቱን ወደ መረቁ የሚሰድ የለም። ቤት ውስጥ ሦስት ጊዜ ካልተቆጡት ይህን ቃል የማያወጣው የስምንት ዓመቱ ዳት፣ ዛሬ ወገቡን ቀጥ አድርጎ በአንድ ትንፋሽ ተናገረ።

«አባባ ይብሉ። እማማ ይብሉ። እህቴ ብዪ።»

ከዚያም ትምህርቱን በቃሉ የወጣ ተማሪ መምህሩን እንደሚያይ አባቱን አየ። አባቱ ራሱን ነቀነቀለት። ዲዩ ፊቷ ቀልቶ ወደ ሳህኗ አቀረቀረች።

ሆዋይ ነገሩ አፍ ያዳለጠው እንዳልሆነ ገባት። እንዲህ ሳይደናቀፍ የወጣ ቃል፣ ዳት ብቻውን አባቱ ዘንድ በዋለባቸው ቀናት ተደጋግሞ የተጠና ነው። «እማማ» የሚለው ቃል ባለቤት፣ ወላጅ እናታቸው፣ ደግሞ በዚህች ሰዓት፣ እሑድም ሆኖ፣ በልብስ ፋብሪካ ውስጥ ስፌት ላይ ጎንበስ ብላለች።

ተራው የእርሷ ነበር። ሦስቱም ጠበቋት።

«አባባ ይብሉ» አለችና ወደ ዲዩ ዞረች። «አክስቴ ይብሉ።»

አክስቴ ለጓደኛ እናት፣ ለጎመን ሻጭም ይባላል። አባቷ በቁጣ አፈጠጠባት። ዲዩ ግን «ተዋት፣ ትክክል ናት» አለች ቀስ ብላ፤ ይህም ለሆዋይ ከቁጣው የባሰ ነበር፤ ሴትዮዋን በሙሉ ልብ ለመጥላት እንኳ አላመቻትም።

አባቷ ከኪሱ የደብተር ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጉዳዩን አስረዳት። ዳኛው በልጅ እጅ የተጻፈውን ያምናሉ። እናታቸው ከፋብሪካ የምትመለሰው ከምሽቱ አራት ሰዓት ስለሆነ ዳት እራት ሳይበላ እንደሚተኛ ብቻ ትጻፍ። ዲዩ ከቤት አትወጣም፤ ትምህርት ቤቱም ከእነርሱ ቤት ቅርብ ነው፤ ዳትም ከእነርሱ ጋር ለመኖር ራሱ ተስማምቷል።

«እራቱን እኮ የማበላው እኔ ነኝ» አለች ሆዋይ።

«አውቃለሁ። እሱን መጻፍ አያስፈልግም።»

ከዚያ እንዳትጠይቅ ራሷን ስትለምን የቆየችውን ጠየቀች።

«እኔስ፣ አባባ?»

«አንቺማ ትልቅ ሰው ነሽ። እናትሽን ማን ያግዛታል?» አላት፣ እንዳመሰገናት ሁሉ።

ባለቤቲቱ በአጠገባቸው ሲያልፉ ያልተነካውን ሳህኗን አይተው «ምነው ልጄ፣ መረቁ ላይ መልክሽን ልታዪበት ነው? የሚቀመጥበት ያጣ ሰው በር ላይ ቆሟል» አሉ። ከጎረቤት ዱካ የተቀመጡት ሳቁ። ዳትም ሳቀ፤ ወዲያው ግን እጅጌዋን ከገበታው ሥር ጎተት አደረገው።

«እህቴ፣ ጻፊላቸው» አላት በሹክሹክታ። «ብስክሌት ገዝተውልኛል እኮ።»

እስክሪብቶውን አነሣች። «እናቴ በአራት ሰዓት ትመጣለች። ወንድሜ እራቱን የሚበላው በአንድ ሰዓት ነው። የማበስለው እኔ ነኝ። አንድም ቀን ጦሙን አላደረም» ብላ ስሟን ጻፈችበት።

አባቷ አነበበና ወረቀቱን ወደ እርሷ ገፋው። «ይህን አላልኩሽም።»

ሆዋይ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ዳት እስከ ማታ ከአባቱ ጋር እንዲውል ተነግሯት ስለነበር፣ ብቻዋን ተነሣችና እጅ ነሥታ ወጣች። ዲዩ «ምንም አልቀመስሽም» ስትል ከኋላዋ ሰማች።

በባቡር ሐዲዱ ዳር ስትሄድ ጭንቅላቷ ብዙ ነገር አወጣ አወረደ። እውነቱን ብትናገርም ዳኛው ወንድሟን ለአባቷ ይሰጡ ይሆናል። እናቷ ብታስቀረው ደግሞ ዳት ስለ ብስክሌቱ እህቱን ይቅር ሳይል ይከርማል። ስለ እርሷ ግን ክርክር አይኖርም፤ የሚፈልጋት አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ።

ሐሙስ ጠዋት የሒሳብ ፈተና አለባት። ፍርድ ቤቱም በዚያው ሰዓት ይከፈታል። ከፈተናው ቀርታ ወረቀቱን ራሷ ለዳኛው እንድትሰጥ ነገ ከክፍል በኋላ ፈቃድ ልትጠይቅ አሰበችና፣ እስከ ነገ ድረስ ልቧ የሚጸና መሆኑን ተጠራጠረች። ወደ ቤቷ የሚወስደውን መታጠፊያ አልፋ፣ ወደ ሒሳብ መምህሯ ቤት መንገዷን ቀጠለች።