ልጫር?

ላቀው ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው መስኮቱን ነው። ሰላምታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አዳማ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ምድጃ ሲጠግን ይህች ልማዱ አልተለወጠችም፤ መስኮት ይከፍታል፣ ቦርሳውን መሬት ላይ ያኖራል፣ እጁን በሱሪው ይጠርጋል፣ ከዚያ ነው «እንዴት አደራችሁ» የሚለው። ደንበኞቹ ይስቁበታል። ድሮ እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ጋዝ አይነካም። የሚቀበለው ኤሌክትሪክና በማግኔት የሚያሞቀውን የኢንዳክሽን ምድጃ ብቻ ነው፤ የተቃጠለ ሽቦ፣ የላላ ማብሪያ፣ የተሰነጠቀ መስታወት። ለምን ሲሉት ዕድሜ ነው ይላቸዋል። እውነቱን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። የላቀው አፍንጫ ሞቷል። አንድ ክረምት ክፉ ጉንፋን ያዘውና ሲለቀው ሽታ የሚባለውን ነገር ሁሉ ይዞበት ሄደ፤ የቁሌት ሽንኩርትም፣ የዝናብ አፈርም፣ የጋዝም ሽታ ለእሱ አንድ ሆነ። ጋዝ ጠጋኙ ማሽተት አቃተው ተብሎ ቢወራ ማን ደጁን ይከፍትለታል? ስለዚህ ለሚስቱ ለስንዱ እንኳ ትንፍሽ አላለም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት ደወለችለት። ድምጿ የሻከረ ነበር። «ኢንዳክሽኔ ድስት አላይም ብሎኛል። እስከ ምሳ ይድረሱልኝ፣ ባለቤቴ ይመጣል» አለችው። ኮንዶሚኒየሙን፣ አራተኛውን ፎቅ ነገረችው። ሲደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ጠበቀው።

«ይግቡ፣ ኩሽናው በስተግራ ነው» የሚል ድምፅ ከመኝታ ቤቱ መጣ። «ጉንፋን አስሮ ይዞኛል፣ አልወጣም።»

«እግዜር ይማርሽ እህቴ፣ አትነሺ» አለ ላቀው።

ኩሽናው ጠባብ ነው። መስኮቱን ሲከፍተው የአዳማ ንፋስ አቧራውን ይዞ ገባና መጋረጃውን ከግድግዳው ጋር ያላትመው ጀመር። ቧንቧው በዝግታ ያንጠባጥባል፤ ማቀዝቀዣው ጥግ ላይ ቆሞ ያጉረመርማል። የኢንዳክሽኑ ጥቁር መስታወት ከመታጠቢያው አጠገብ ተቀምጧል፤ ከእሱ ቀጥሎ ባለ ሁለት ዓይን አሮጌ የጋዝ ምድጃ፣ ከሥሩም ሲሊንደሩ። ላቀው ዓይኑን ከዚያ ላይ ቶሎ አነሣ።

ኢንዳክሽኑን አበራና በአጠገቡ ያገኘውን ድስት ጣደበት። ምድጃው ድስቱን እንዳላወቀው ጮኾ ተናገረ። ላቀው ድስቱን ሊገለብጠው ሲያነሣ ክዳኑን አየ፤ እጀታው ጠፍቶ በቡሽ ተተክቷል። የስንዱም ድስት ክዳን እጀታው ቡሽ ነበር። ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ሴት መቼም ሞልቷል ብሎ ራሱን አረጋጋ። ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ ከድስቱ ቂጥ ላይ ቢያስጠጋው አልያዘለትም።

«እህቴ፣ ምድጃሽስ ጤነኛ ነው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ድስቱ ነው። ኢንዳክሽን አሉሚኒየም አያውቅም፤ ማግኔት የሚይዘው ድስት ግዢ።»

«የለመድኩት ድስት ነው» አለችና አሳላት። «በሌላ እጄ አይሠራልኝም።»

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት መብራት ጠፋ። የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ያኔ ነው ከሱ ሥር ተደብቆ የቆየው ድምፅ የተሰማው፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ ሰው በጥርሱ መሐል አየር እንደሚያስወጣ ዓይነት ፉጨት። ላቀው ጎንበስ ብሎ የሲሊንደሩን ቁልፍ አጥብቆ ዘጋው። ፉጨቱ አልቆመም።

«እህቴ! ጋዝ ይሸትሻል?»

«አፍንጫዬ ተዘግቷል አልኩህ እኮ።»

አንቱታው የት እንደገባ አልገባውም። «በይ ነይ፣ አሁኑኑ ውጪ! ደረጃው ላይ ጠብቂኝ» አላት።

«አንተ ደግሞ ሁልጊዜ ትቸኩላለህ» አለችው፤ የአልጋው ሽቦ ግን ሲንቀሳቀስ አልተሰማም።

ቦርሳውን አንስቶ መውጣት ይችል ነበር። ግን የታመመች ሴት ከሚያፏጭ ጋዝ ጋር ትቶ የሚወጣበት እግር ከየት ያምጣ? ስፖንጁን ሳሙና አስነክቶ የጋዙን ጎማ ከሲሊንደሩ ጀምሮ ወደ ላይ አረፋ አለበሰው። አፍንጫው ከከዳው ወዲህ ዓይኑ ነው የሚያሸትለት። ጎማው ከምድጃው አንገት ጋር ከሚገናኝበት ቦታ አንድ አረፋ ተነሥቶ አበጠ፣ ፈነዳ፤ ሌላ ተተካ። አረፋውን በጣቱ ሲጠርገው የጎማው ማሰሪያ ታየ። የብረት ማጥበቂያ ቀለበቱ፣ ክላምፑ፣ አልነበረም። ሽቦ ነው፤ ሁለት ጊዜ ወደ ግራ የተጠማዘዘ፣ ጫፉም እጅ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ የታጠፈ።

ላቀው በዕድሜው ጎማ በሽቦ ያሰረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በገዛ ቤቱ። የሰው ቤት ጎማ ሁሉ በወጉ ታስሮ፣ የራሱ ቤት «ለጊዜው» ተባለ። ክላምፕ አልቆበት ነበር፤ ሌላ ደንበኛም ደጋግሞ እየደወለ ነበር። ስንዱ ያን ዕለት ጉንፋን ይዟት ዳማከሴ ጨምቃ ጠጥታ፣ ፊቷን ተቀብታ ነበር። በቤታቸው ደንብ ጋዝ ከተነካካ ላቀው አሽትቶ ሳይፈቅድ ክብሪት አይጫርም። እሷም እንደ ልማዷ ከኩሽና ሆና «ልጫር?» አለችው። እሱ አልጋ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስር ነበር። ቀና እንኳ አላለም። «ጫሪ፣ ጫሪ፤ ምንም የለውም» አላት።

እሳቱ ወሰዳት፤ ለቅሶዋ ላይ ሰዉ የእግዜር ሥራ ነው እያለ አጽናናው። እሱም አንገቱን ደፍቶ ተጽናና፤ ከሞቷ ይልቅ አጥንቱን የሚበላው ይህ ነው።

ሽቦውን በፒንሳ ቆረጠው። የጎማውን ጫፍ አስተካክሎ ከቦርሳው አዲስ ክላምፕ አወጣና አጠበቀው፤ ያኔ ማድረግ የነበረበትን ሁሉ አንድም ሳያስቀር አደረገው። ሳሙናውን ደግሞ ቀባ። አረፋው ዝም አለ። ፉጨቱ ግን አሁንም አለ፤ አሁን ከምድጃውም ከሲሊንደሩም ሳይሆን ከግድግዳው ሁሉ የሚመጣ መሰለው። በዚህ መሐል አንድ ነገር አፍንጫው ውስጥ ገባ። ሦስት ዓመት ተኩል ምንም ያልገባበት አፍንጫ ነው፤ ላቀው በድንጋጤ ግድግዳውን ያዘ።

ዳማከሴ ነበር። ትኩስ፣ አሁን በእጅ የታሸ ቅጠል።

ሽታውን ተከትሎ ወደ መኝታ ቤቱ ሄደ። በሩን ሲገፋው የተነጠፈ አልጋ እንጂ ሰው አላገኘም። የአልጋው ጠርዝ ላይ አንሶላው ጎድጎድ ብሏል፣ አሁን ሰው የተነሣበት ይመስላል። ከሥሩ ወለሉ ላይ ሁለት ቡናማ የወንድ ጫማዎች አሉ፤ የግራው ክር ታስሯል፣ የቀኙ አልታሰረም። ከቀብሯ ማግሥት ራሱ ወስዶ የጣላቸው ጫማዎች ናቸው።

«ስንዱ?» አለ።

ወደ ኩሽናው ሲመለስ መስኮቱ ተዘግቷል፤ መጋረጃው ቀጥ ብሎ ቆሟል። አሮጌው ምድጃ ላይ ባለ ቡሹ ድስት ተጥዷል፤ ከጎኑ ክብሪት። መስኮቱን መክፈት እንዳለበት እጁ ያውቃል። ሃያ ሁለት ዓመት ያደረገው ነው። እጁ ግን አልሄደለትም።

«አይሸተኝም ነበር» አለ ለባዶው ቤት። «ያን ዕለትም አይሸተኝም ነበር። እያመንሽኝ ጠየቅሽኝ፣ እኔ ዋሸሁሽ። ጋዝ መኖሩንም አለመኖሩንም አላውቅም ነበር፣ ስንዱዬ። አፈርኩና ዝም አልኩሽ።»

ይህን በአፉ ሲናገር የመጀመሪያው ነው። ሲያለቅስም የመጀመሪያው ነው፤ ለቅሶ ላይ እንኳ እንዲህ አላለቀሰም። እንባውን በክንዱ ጠርጎ ክብሪቱን አነሣና አንድ እንጨት አወጣ። ፉጨቱ ጆሮውን ሞልቶታል። አረፋው ምንም የለም ይላል፣ አፍንጫው ከዳማከሴ በቀር የሚነግረው የለም። የሚያምነው ሰው ቢኖር በዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት፤ አትጫር ካለችው ይጥለዋል፣ ይወጣል፣ ዳግመኛም ምድጃ አይነካም። እንጨቱን ከሣጥኑ ጎን አስጠግቶ፣ እሷ ትጠይቀው በነበረው በዚያው አጠያየቅ ጠየቃት።

«ልጫር?»

ከመኝታ ቤቱ የአልጋው ሽቦ ሲጢጥ አለ፣ የጫማ ክር ሲሳብ ተሰማ፣ ከዚያም ያ የሻከረ ድምፅ ቀና እንኳ ሳይል፣ በችኮላ፣ «ጫር፣ ጫር፤ ምንም የለውም» አለው።