በሱቄ መቃን ላይ የቸነከርኩት ስም

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ሎዛ እባላለሁ፤ ምናለሽ ተራ ከታላቅ ወንድሜ ከማሙሸት ጋር ብረት እቀጠቅጣለሁ። ወላጆቻችን ካረፉ ወዲህ ሱቁ የቆመው በእኔ ክንድ ነው።

አንድ ቀን በሪሁን የሚባል የታሪክ መምህር መጣ። ከአሮጌ ባትሪ የሚወጣውን እርሳስ ቀጥቅጬ እንደ ወረቀት ስስ እንዳደርግለት ጠየቀኝ። ለተማሪዎቹ ማሳያ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ግሪኮችና ሮማውያን ካባ የሰረቃቸውን፣ በፍቅር የከዳቸውን ሰው እንዲህ ያለ እርሳስ ላይ በስሙ ይራገሙት ነበር አለኝ። ከዚያ ጠቅልለው፣ በሚስማር ወግተው ጉድጓድ ይጥሉታል።

«የነገሥታቱን ነገር ሐውልቱ ይነግረናል» አለኝ። «የሰፈሩን ሰው ቂም ግን ያወቅነው ከዚህ ነው።»

ሳቅሁ። እሱም ጥላሸት የጠጣ እጄን እያየ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ያለ ሥራ ይመላለስ ጀመር፤ ዓይኔም በር በሩን ማየት ለመደ። በዓመቱ ሽማግሌ እልካለሁ አለኝ።

እሁድ ጠዋት ጓዳ ሆኜ ጠበቅሁ... ወጡ ቀዘቀዘ። ማሙሸት ከደጅ ገብቶ አልመጡም አለኝ። ብደውል ስልኩ ዝግ ነው።

ሰኞ እርሳስ ቀጥቅጬ ጻፍኩበት፦ «በሪሁን፣ ቃሉን የበላ። እንቅልፍ አይውሰደው፤ የጎረሰው አይጣመው።» የጥንቶቹ ይደብቁት ነበር፤ እኔ ምን በወጣኝ! የሱቁ መቃን ላይ ቸነከርኩት። ሚስማሩን ያቀበለኝ ማሙሸት ነው።

ተራው ሁሉ አነበበው። ወሬው ደርሶት ከሁለት ወር በኋላ በሪሁንም መጥቶ አነበበው። ከስቷል።

«ሰርቶልሻል፤ እንቅልፍ ካየሁ ቆየሁ» አለኝ። «ግን ሎዛ፣ ለሌላ ታጭቻለሁ ብለሽ ሽማግሌዎቼን ያስመለስሽው አንቺ አይደለሽም? ስልኬን የዘጋሁት እኮ ድምፅሽን እንዳልሰማ ነው።»

ወደ ማሙሸት ዞርኩ። መዶሻውን አስቀምጦ አንገቱን ደፋ።

«አንቺ ከሄድሽ ሱቁ በማን ይቆማል?» አለ።

ሁለት ወር ሙሉ ያንን ስም እያየ ከእኔ ጋር ምሳ በልቷል!

እርሳሱን ነቅዬ የበሪሁንን ስም በመዶሻ ደመሰስኩት። በጀርባው «ማሙሸት፣ የእህቱን ሽማግሌ ከደጅ የመለሰ» ብዬ ጻፍኩና በዚያው ሚስማር መልሼ ቸነከርኩት።

ሽማግሌዎቹ በጥር እንደገና መጡ። ተጋባን፤ እኔም ከማሙሸት ሱቅ ፊት ለፊት የራሴን ከፈትኩ። ማሙሸት እርሳሱን ራሱ እንዳይነቅለው ተራው ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ መጥቶ እንዳወርድለት ለመነኝ፤ በሪሁንም ይቅር በይው አለኝ።

«ይቆይ» አልኩት ለባሌ። «ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ የሚመጡትም ያንብቡት።»