የዶክተር ስሂን ድምፅ

ዶክተር ስሂን የተገኘችው በቢሮዋ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው የብረት ማሞቂያ አጠገብ በጎኗ ወድቃ ነው። ከጆሮዋ በላይ ተፈንክታለች፤ ደሙ ምንጣፉ ላይ ጠቁሯል። የሹራቧ የላይኛው ቁልፍ ተበጥሷል፤ ሁለቱም ትከሻዎቿ ላይ የጣት ምልክት አለ። ገፍትሯት የሄደ ሰው እንዳለ ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም ነበር።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ኤፕሪል 2013፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጆርጂያ አቬኑ በሚባለው መንገድ ላይ ካለ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ።

ስሂን የሥነ ልቦና ባለሙያ ነበረች። ማዕከሏን ከከፈተች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ፈተና ሲቀርብ የሚጨነቁ ተማሪዎች፣ እንቅልፍ ያጡ ሽማግሌዎች፣ በሁለት ሥራ መካከል የዛሉ እናቶች ወደ እሷ ይመጣሉ። ፍርሃት አእምሮ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ በቀላል አማርኛ ታስረዳቸዋለች፤ አተነፋፈስን፣ አጠናንን፣ ለራስም ለሰውም መራራትን ታለማምዳቸዋለች። ከዚያ ለየሰዉ የሚስማማውን መልመጃ በራሷ ድምፅ ቀድታ ትሰጣለች። የነገሯትን ለማንም እንደማታወጣ ሁሉም ያምናል።

ማክሰኞ ጠዋት ጉዳዩን የያዘው የካውንቲው ፖሊስ መርማሪ ሃርመን አስተርጓሚ ጠየቀ። የተላከችለት ወይዘሮ ፀዳለ ነበረች። ፀዳለ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ፍርድ ቤት ማስተርጎም ከመጀመሯ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት የወንጀል መርማሪ ሆና ሠርታለች። ሃርመን ይህን ስለሚያውቅ ከማስተርጎም ያለፈ ነገር ብትጠይቅም አይከለክላትም።

«ለእኔ ያለቀለት ነገር ነው» አላት መኪናው ውስጥ። «እስከ አራት ሰዓት ተኩል ድረስ ድምፅዋ ይሰማ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ሞታ ተገኘች። በመካከሉ እዚያ የነበሩት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አብሯት የሚሠራው ዶክተር ልዑልሰገድና ሂክማ የምትባል የነርሲንግ ተማሪ። የተማሪዋ እጅ ደም ነበረበት።»

«ሬሳውን ያገኘችው እሷ አይደለችም እንዴ?»

«ናት። ግን ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት እንዲሰጣት የሚጠይቅ ደብዳቤ ነበራት፤ ዶክተሯ አልፈርምም ብላታለች።»

«ድምፁን ማን ሰማ?»

«ራሷ ሂክማ። ከግድግዳው ወዲያ ያለው የኢንሹራንስ ቢሮ ጸሐፊም ሰምታለች፤ ቃሉን ግን አልለየችውም፤ አማርኛ አታውቅም።»

ማዕከሉ ውስጥ የተቀበለቻቸው ጸሐፊዋ እታለማሁ ናት። ሃምሳ ሊሞላት ነው፤ ከስሂን ጋር ታኮማ ፓርክ ውስጥ አንድ አፓርታማ ተጋርተው ከኖሩበት ጊዜ ጀምሮ አልተለያዩም። ዓይኗ አብጧል። ሻይ አቀረበችላቸውና ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች።

«ቅዳሜ ስንት ሰዓት ወጣሽ?» አለች ፀዳለ።

«ለአራት ሃያ ጉዳይ። ስሂን ስድስት ሰዓት ላይ አሌክሳንድሪያ ትምህርት ልትሰጥ ነበር፤ አዳራሹን ላዘጋጅ ቀድሜ ሄድኩ። አራት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ደረስኩ፤ እዚያ የነበሩትን ሴቶች መጠየቅ ትችላላችሁ።»

«ስትወጪ እሷ ምን ትሠራ ነበር?»

«ለነርሲንግ ተማሪዎቹ የፈተና መልመጃ ልትቀዳ ነበር። ‹ሰው እንዳይገባ በሩ ላይ ምልክቱን ስቀይልኝ› አለችኝ። ሰቀልኩላት። ድምፅዋን እየሰማሁ ነው ደረጃውን የወረድኩት።» አለቀሰች። «እንደ እህቴ ነበረች እኮ!»

በወሬያቸው መካከል ሦስት ጊዜ ስልኩን አንስታ አንድ ቁጥር ደወለች። ሦስቱንም ጊዜ አልተነሳላትም።

«የእህቴ ልጅ ናት፣ ሳምሪ። በርክ ነው የምትኖረው። ሰሞኑን ቢዚ ሆና ነው» አለች ሳትጠየቅ።

ዶክተር ልዑልሰገድ አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው የአንጎል ተመራማሪ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ እንቅልፍና ትውስታ እንዴት እንደሚደጋገፉ ያስተምራል። ቅዳሜ የደረሰው በሜትሮ ባቡር፣ አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው፤ ቀጥታ ወደ ራሱ ክፍል ገብቷል።

«ሐሙስ ዕለት ከእሷ ጋር ስትጮሁ ተሰምታችኋል» አለችው ፀዳለ።

«አዎ፣ ጮኼባታለሁ» አለ። «አሌክሳንድሪያ ስለ ርኅራኄ ያደረገችውን ንግግር አይተውታል? ዩቲዩብ ላይ አለ። አንዲት እናት ዲቪ ሲደርሳት ‹ልጅ የለኝም› ብላ ፎርም ትሞላለች። የሦስት ዓመት ልጇን ለእህቷ ትታ ትመጣለች። ልጅቷ ኋላ እዚህ ስትመጣ እናቷን ‹አክስቴ› ነው የምትለው፤ እስከ ዛሬ አታውቅም። ሰው ሁሉ አለቀሰ። ስም አልጠራችም፤ ግን ልጅቷ በስንብቱ ቀን የለበሰችው ሹራብ ሰማያዊ መሆኑን፣ አንዱ ቁልፍ ቀይ መሆኑን ሳይቀር አወራች። ‹ይህ የሰው ሕይወት ነው፤ የአንቺ ምሳሌ አይደለም› አልኳት።»

«የማን ታሪክ ነው?»

«አልነገረችኝም። ‹ስም አልጠራሁም› ብቻ ነው መልሷ።»

ፀዳለ ማስታወሻዋን ዘጋች። «አንድ ነገር ያስረዱኝ። ሂክማ ለፖሊስ ‹ብዙ ነገር አላስታውስም› ብላለች። እየዋሸች ነው ይላሉ?»

«የግድ አይደለም። የፈራ አእምሮ ያየውን ነገር አያጣውም፤ መድረሻው ግን ይጠፋበታል። ጣቢያ ውስጥ አስቀምጠው በጥያቄ ካጣደፏት ይብሳል። ወደ ቦታው ይመልሷት። በዚያው ወንበር ትቀመጥ፣ ትንፋሿ ይረጋጋ፣ አያቋርጧት።»

ፀዳለ እንደተባለችው አደረገች። ሂክማ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከሦስት ቀን ወዲህ በደንብ የበላች አትመስልም። መጠባበቂያ ክፍሉ ውስጥ፣ ቅዳሜ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። እታለማሁ መጥታ ትከሻዋን አቀፈቻት፤ «አይዞሽ፣ እግዜር ያውቃል» ብላት ወጣች።

«ለፖሊሶቹ ቃልሽን የሰጠሽው በእንግሊዝኛ ነው አይደል?» አለቻት ፀዳለ።

«አዎ። ይቀላል ብዬ ነው።»

«አሁን እንዳትተረጉሚልኝ። ጆሮሽ የሰማውን እንዳለ፣ በአማርኛው በይልኝ። አንቸኩልም።»

ሂክማ ዓይኗን ጨፈነች።

«ለአራት አሥር ጉዳይ ደረስኩ። ምልክቱ በሩ ላይ ነበር። የማጠናባቸውን ፍላሽ ካርዶች አወጣሁ… ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፣ ግን በሩ አጠገብ ስለሆንኩ… ‹እጅዎን ደረትዎ ላይ ያድርጉ።› ከዚያ ጸጥታ። ከዚያ ‹ዛሬ ሊያደርጉ የሚችሉትን አድርገዋል፤ የቀረው ለነገ ይቆይ።› ደስ አለኝ። ለእኔ የተባለ መሰለኝ።»

«የመጀመሪያውን ድገሚልኝ።»

«‹እጅዎን ደረትዎ ላይ ያድርጉ።›»

ፀዳለ ሂክማን አመስግና ሃርመንን ወደ ኮሪደሩ ጠራችው። «ለራሳቸው የተቀዳላቸው መልመጃ ያላቸው ሽማግሌ ካሉ ስማቸውን ፈልግልኝ» አለችው። «የዶክተሯ ኮምፒውተር ቅዳሜ ጠዋት ምን እንዳጫወተም ይታይ።» ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ብቻዋን በርክ ድረስ ነድታ ሄደች።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም መጠባበቂያ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሂክማ፣ ልዑልሰገድና እታለማሁ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንድ አዲስ ሰው ነበሩ፤ ከሪቨርዴል ፓርክ የመጡት የሰባ ስድስት ዓመቱ ጡረተኛ መምህር አቶ አያሌው። ለምን እንደተጠሩ አያውቁም። ሃርመን በሩ ላይ ቆመ።

«ሂክማ» አለች ፀዳለ፣ «ቅዳሜ የሰማሽውን በያቸው።»

«‹እጅዎን ደረትዎ ላይ ያድርጉ› …»

«‹ልብዎ ሥራው ላይ ነው፤ እርስዎ ግን አርፈዋል›» ብለው አቶ አያሌው ቀጠሉ። ሰው ሁሉ ሲዞርባቸው ደነገጡ። «የእኔ ናት እኮ! ሚስቴ ካረፈች ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ዶክተር የቀዳችልኝ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰምቻታለሁ፣ በቃሌ ነው የማውቃት።»

«ጋሽ አያሌው፣ ሌላ ሰው ዘንድ አለች?»

«ለእኔ ብቻ ነው የቀዳችው።»

ፀዳለ ወደ ሃርመን ዞራ ያሉትን ተረጎመችለትና ቀጠለች። «የፖሊሱ ወረቀት ላይ የሰፈረው በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ለሕፃንም ለሽማግሌም እጅህን ደረትህ ላይ አድርግ ማለት አንድ ነው። ዶክተር ስሂን ግን ለነርሲንግ ተማሪዎች ብትቀዳ ‹እጃችሁን› ትላለች፤ ሂክማን ብታናግር ‹እጅሽን› ትላለች። ‹እጅዎን› ያለችው ለአንድ ትልቅ ሰው ነው። ትልቅ ሰው ደግሞ ያን ዕለት እዚህ አልነበረም። ስለዚህ ሂክማ የሰማችው ስሂንን አይደለም፤ የድሮ ቅጂ ነው።»

ልዑልሰገድ ቀና አለ። «እንግዲያው አራት ሰዓት ተኩል ላይ በሕይወት ነበረች ያልነው…»

«ማንም አያውቅም። ሂክማ ከመምጣቷ በፊት ወድቃ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩም የሚለው ይህንኑ ነው። የጋሽ አያሌው ቅጂ ርዝመቱ ሃምሳ ደቂቃ ነው፤ እዚህ ካሉት ሁሉ ረጅሙ። የተከፈተው ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ ነው። ያን ጊዜ ዶክተር ልዑልሰገድ አልመጡም፤ ሂክማም አልደረሰችም።» ፀዳለ እታለማሁ ፊት ቆመች። «ለአራት ሃያ ጉዳይ ወጣሁ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ‹ለነርሲንግ ተማሪዎቹ ልትቀዳ ነበር› ያልሽውም አንቺ ብቻ ነሽ። ምልክቱን የሰቀልሽውም አንቺ።»

«እኔ እህቴን ልገድል?» አለች እታለማሁ።

«ትናንት በርክ ሄጄ ነበር። ሳምሪ ሰማያዊ ሹራብ አሳየችኝ፤ አንዱ ቁልፉ ቀይ ነው። ማን እንደሆነች ያወቀችው ከዩቲዩብ ነው። ዓርብ ማታ ደውላ ‹እናቴ አንቺ ነሽ?› ብላ ጠየቀችሽ፤ ዝም አልሽ። ከዚያ ወዲህ አላነሳችልሽም።»

እታለማሁ ስልኳን ጭኗ ላይ ጨበጠችው።

«አሥራ ሰባት ዓመት ለማንም አልተነፈስኩም» አለች። «ፓስፖርቴን ይቀሙኛል፣ ልጄን ይመልሷታል ብዬ። ለስሂን ብቻ ነገርኳት። ሐኪም ብዬ አይደለም፤ ታኮማ ፓርክ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን፣ እህቴ ብዬ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ‹ልጄን አሳጣሽኝ› ስላት ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? ‹ታሪክሽ ስንቱን ሰው ልቡን አራራው፣ ቢገባሽ ደስ ይልሽ ነበር› አለችኝ። እየሳቀች አይደለም፣ ከልቧ ነው። ያዝኳትና ገፋኋት። እንድትሞት አይደለም! ስትወድቅ ጭንቅላቷ ብረቱን መታው። አልተነፈሰችም… ሞታለች ብዬ ነው የሸሸሁት።»

ሃርመን የተባለውን ከፀዳለ ከተረዳ በኋላ አንድ ነገር ተናገረ። ፀዳለ ወደ እታለማሁ ዞረች። ያለውን በአማርኛ ነገረቻት።

«የአስከሬን መርማሪው ሐኪም እንዳለው፣ ከወደቀች በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆይታለች። አምቡላንስ ብትጠሪ ኖሮ ትድን ይሆናል።»

ሂክማ ከወንበሯ ተነሳች። «ግማሽ ሰዓት? እኔ እዚህ ነበርኩ! በሩ አጠገብ! ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር እኮ፣ የተማርኩት እሱን ነው። ድምፅዋን ስለሰማሁ ነው ያልከፈትኩት!»

«የኔ ልጅ፣ ይቅር በይኝ…» እታለማሁ እጇን ዘረጋች።

«አትንኪኝ! አምስት ቀን ነፍሰ ገዳይ ሲሉኝ አጠገቤ ነበርሽ። ሻይ ሰጠሽኝ። ‹አይዞሽ› አልሽኝ።»

አቶ አያሌው ባርኔጣቸውን አንስተው ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። ሃርመን እታለማሁን በክንዷ ይዞ ደረጃውን ሲያወርዳት ማንም አልተከተላትም።

ማዕከሉ ተዘጋ። ልዑልሰገድ ለታካሚዎቹ አንድ በአንድ እየደወለ ቅጂያቸውን ወስደው የቀረው እንዲጠፋ አደረገ፤ ብዙዎቹ ስልክ አንስተው የማዕከሉን ስም እንኳ መስማት አልፈለጉም። ሂክማ ፈተናዋን በሚቀጥለው ዓመት አለፈች። ልዑልሰገድ ሌላ አማካሪ ሊያገናኛት ቢሞክር «ከእንግዲህ የሆዴን ለማንም አልነግርም» አለችው።

ሳምሪ እስር ቤት የሄደችው በስድስተኛው ሳምንት ነው። አልሄድም ብላ ነበር፤ ፀዳለ ነች በመኪናዋ ያደረሰቻት። ጠባቂው «ምንሽ ናት?» ብሎ ሲጠይቃት «እናቴ» አለችው፣ በእንግሊዝኛ። ከመስታወቱ ወዲያ እታለማሁ ስታያት ገና የስልኩን እጀታ ሳታነሳ ማልቀስ ጀመረች። ሳምሪ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ከዚያ በአማርኛ፣ ቃላቱን እየፈለገች ጠየቀቻት፤

«ለእሷ ነገርሻት። ለእኔ ግን ለምን አልነገርሽኝም?»

እታለማሁ አፏን ከፈተች። የጉብኝቱ ሰዓት እስኪያልቅ ድረስ አንድ ቃል አልወጣትም። ሳምሪ እጀታውን መልሳ ሰቀለች።